በኖር በር፣ በር ዳር የሚቀመጠው ሰው

ከቆላው ወጥቶ ወደ ደጋው የሚገባ መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍባት ጠባብ የተራራ መተላለፊያ ኖር በር ትባላለች። በአናቷ ላይ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ አራት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። አቀበቱን የወጣ ሰው ትንፋሹን ለመሰብሰብ እዚያ ማረፉ አይቀርም፤ የአገሩ ተወላጅ ከሆነ ግን በድንጋዩ መካከል ተደላድሎ አይቀመጥም። ብቻውን ቢሆንም፣ ሸክም ቢከብደውም፣ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሰፊውን ቦታ ገና ላልመጣ ሰው ይተዋል። ከዘመን ብዛት የድንጋዩ አንድ ጫፍ እንደ ኮርቻ ጎድጉዶና ለስልሶ ሲታይ፣ መካከሉ እስከ ዛሬ ሻካራ ነው፤ የድንጋይ ሽበትም አብቅሎበታል።

በዚያው አገር ሌላም ልማድ አለ። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ዳስ ተጥሎ ሰው በተጠራ ቁጥር፣ እንግዳ የሚያስቀምጠው አጋፋሪ ማንንም ከማስቀመጡ በፊት በዳሱ በር ዳር፣ ነፋስና ውሻ በሚገባበት ቦታ፣ ወደተቀመጠው ሰው ይሄዳል። ያ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌም ባልቴትም፣ የሩቅ አገር ሰውም ቢሆን። አጋፋሪው በእጁ የያዘውን ዘንግ መሬት ላይ ያስቀምጥና ተንበርክኮ ጉልበቱን ይስማል፤ ተሳሚውም እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ይመርቀዋል። ይህ ሳይደረግ በኖር በር እንጀራ አይቆረስም። አምና አንድ ቀን ሳይደረግ ተቆርሶ ነበር፤ እርሱን ኋላ እንደርስበታለን።

እንደሚነገረው፣ በስሙ የአገሩ ሽማግሌዎች በማይስማሙበት በአንድ ንጉሥ ዘመን፣ ጓንጉል ቢያድግልኝ የሚባል የቤተ መንግሥት አጋፋሪ ነበር። ሦስት መቶ ሹም ከነማዕረጉ፣ ከነተሾመበት ዓመት በቃሉ ያውቅ ነበር ይባላል። ሁለት ደጃዝማቾች እኩል ቢሆኑበት ማን አስቀድሞ ካባ እንደለበሰ ያስታውሳል፤ በአንድ ቀን ለብሰው እንደሆነም ጧት የለበሰውን ከቀትር በኋላ ከለበሰው ይለያል። ከራስ እስከ ግራዝማች፣ ከግራዝማች እስከ ጭቃ ሹም፣ እያንዳንዱ ሰው ከአልጋው ስንት ክንድ ርቆ እንደሚቀመጥ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለነበረ፣ ታላላቆቹ ሳይቀሩ በበዓል ዋዜማ ሰላምታቸውን ያበዙለት ነበር። መቼስ ሹመት ከሆድ ይልቅ መቀመጫን ያስርባል።

በዚያን ዘመን የመቀመጫ ነገር ቀልድ አልነበረም። ከጓንጉል በፊት የነበረው አጋፋሪ ሁለት ፊታውራሪዎችን አዛብቶ ቢያስቀምጥ፣ ከግብር ማዕድ ሲወጡ በጎራዴ ተሞሻልቀው አንዱ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀርቷል ይባላል። ስለዚህ ንጉሡ ለጓንጉል የአጋፋሪነቱን ዘንግ ሲሰጡት እንዲህ አሉት። «በእኔ ድንኳን ውስጥ ወንድም የለህም፤ አባትም የለህም። ያለህ ተራ ብቻ ነው።» ጓንጉል ይህን ቃል እንደ መሐላ ያዘው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የሰው ደም በእጁ እንዳይፈስ ፈርቶ ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ሲውል ሲያድር ኩራት ይሆናል። ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድም ሰው ሳያዛባ ኖረና «ጓንጉል ያስቀመጠውን እግዜር አያነሣውም» እስከመባል ደረሰ።

አባቱ ቢያድግልኝ ከመተላለፊያዋ በላይ በደጋው የሚኖር ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹም ማለት በመንግሥቱ የማዕረግ ተራ የመጨረሻው ነው፤ ከእርሱ በታች ያለው አፈሩ ብቻ ነው ብለው የሚቀልዱም ነበሩ። ሽማግሌው ግን በአገሩ የሚታወቀው በሹመቱ አልነበረም። ሰው በመጣ ቁጥር ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የመጣውም «በእግዜር!» እያለ እርሱ በለቀቀው ቦታ ይቀመጣል። ይህ የማንም ባላገር ወግ ነው፤ ቢያድግልኝ ግን አበዛው። ለባለጸጋም ለለማኝም፣ ለታላቁም ለታናሹም ይነሣ ነበር። ጓንጉል በልጅነቱ አባቱ አንድ ማዕድ ሳይነሣ ሲጨርስ አይቶ አያውቅም። እናቱ «ኧረ እንጀራው ደረቀ፣ አንተ ሰውዬ! ወይ ተቀመጥ ወይ ቆመህ ብላ!» እያለች ትቆጣው ነበር። እርሱም እየሳቀ «እንግዳ ቆሞ እኔ ብቀመጥ ጉሮሮዬ አይውጥም» ይላት ነበር ይባላል።

አንድ ዓመት መስከረም ጠብቶ መንገዱ እንደደረቀ፣ ንጉሡ ከመተላለፊያዋ በታች ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሰፈሩ። ሊሾሙና ሊሽሩ ነበርና የሦስት ቀን ግብር ታዘዘ። ከራስ እስከ ጭቃ ሹም ሹም የተባለ ሁሉ እንዲገኝ አዋጅ ተነገረ። በመጀመሪያው ቀን ጓንጉል ዘንጉን ይዞ በታላቁ ድንኳን በር ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ፣ ከጭቃ ሹሞቹ ጭፍራ መካከል አባቱን አየ። ሽማግሌው አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ በአንድ ዓይኑ እየፈለገ ይመጣ ነበር።

«አባዬ! ምን እግር ጣለህ?»

«ጥሪው ለጭቃ ሹምም ደርሷል። ባይደርስም እመጣ ነበር» አለ ሽማግሌው የልጁን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ። «ይኸውልህ፣ አንዱን ዓይኔን ሞራ ጨርሶታል፤ ሁለተኛውም እየተከተለው ነው። ታናናሾችህን ሁሉ መርቄያለሁ። የቀረኸኝ አንተ በኩሬ ነህ። ፊትህን እያየሁ ልመርቅህና ሸክሜን ላራግፍ። በል ጎንበስ በል ልጄ።»

ጓንጉል ሊንበረከክ ነበር ይባላል። ጉልበቱ መታጠፍ ጀምሮ ነበር የሚሉም አሉ። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት አንድ ራስ ከነአጃቢያቸው ከበቅሎ ሲወርዱ አየ፤ ደጃዝማቾቹም ከኋላቸው ቆመው ይመለከታሉ። በእጁ ያለው የንጉሥ ዘንግ ነው። ያን ዘንግ የያዘ ሰው ለንጉሥ እንጂ ለሌላ አይንበረከክም፤ ይልቁንም በመንግሥቱ ተራ መጨረሻ ለሆነ ጭቃ ሹም ቢንበረከክ፣ ተራው ሁሉ የሚገለበጥ መሰለው። ጉልበቱን አቃናና ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ።

«አባዬ፣ ግብሩ ይለቅና። ያኔ ዘንጉን አስቀምጬ እንደ ልጅነቴ እግርህ ላይ እወድቃለሁ።»

«መቼ ይለቃል?»

«በሦስተኛው ቀን።»

«ሦስት ቀን ምን አላት» አለ ሽማግሌው፤ የልጁንም ክንድ ለቀቀ።

ጓንጉልም አባቱን ወስዶ በቦታው አስቀመጠው። ቦታው ከጭቃ ሹሞቹም መጨረሻ፣ በድንኳኑ በር ዳር ነበር፤ የቢያድግልኝ አገር ትንሽ፣ ሹመቱም የቅርብ ስለነበረ ደንቡ ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም። አባቱን አንድ ክንድ ከፍ ቢያደርገው ኖሮ የሚያየው አልነበረም የሚሉ አሉ። እርሱ ግን ያየው ነበር፤ ያን ስላወቀ አላደረገውም።

የዚያኑ ዕለት ግብሩ ሲያበቃ አባቱ ወዳረፈበት ድንኳን ለምን አልሄደም ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀኝአዝማች ምንጣፌ ከጎረቤቴ ምንጣፍ በስንዝር ያንሳል ብለው አቤት ሲሉ፣ ምንጣፉ ተለካ፤ የጎረቤታቸውም ተለካ፤ ጎረቤታቸውም ተቆጡ። ያን ሲያስታርቅ የንጉሡ መኝታ ሰዓት ደረሰና እዚያ ተጠራ። ወደ አባቱም «ነገ» ብሎ ላከ።

በሁለተኛው ቀን ጓንጉል ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ሳለ ከበር በኩል ማጉረምረም ሰማ። ሄዶ ሲያይ፣ አባቱን ባስቀመጠው ቦታ ላይ የአንድ ፊታውራሪ ጋሻ ጃግሬ ተቀምጦ ብርንዶ ይቆርጣል፤ አባቱ ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። ጋሻ ጃግሬው ጌታውን ፍለጋ ሲገባ ሽማግሌው ተነሥቶ «ኖር!» ብሎት ኖሯል፤ እርሱም ተርቦ ነበርና «በእግዜር» ብሎ ተቀመጠ። ሌሎቹ ጭቃ ሹሞች ሹመት የሌለው ሰው ከእኛ መሐል ገባብን ብለው ተነሥተዋል። ነገሩ ወደ ላይኛው ረድፍ እየተላለፈ ነበር፤ አንድ ግራዝማችም ጮክ ብለው «የአጋፋሪው አባት ስለሆነ ነው! በሌላው ቢሆን ዝም ባልተባለ» አሉ።

ጓንጉል ደሙ ፈላ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቀው ስሙ፣ በአንድ «ኖር» ሊጠፋ ሆነ። ሁሉም ይሰማው ዘንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አባዬ ሊለው ሲገባ፣ «ጭቃ ሹም! በዚህ ድንኳን ኖር አይባልም። በተሰጠዎ ቦታ ይቀመጡ!» አለው።

ሽማግሌው በዚያች በምታይለት ዓይኑ ልጁን ትክ ብሎ አየው።

«እሺ ጌታዬ» አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሽማግሌዎቹ ሲተርኩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጓንጉል ያን ቃል በሰማ ጊዜ ምላሱን ቢቆርጣት በወደደ ነበር። ሆኖም ሰዉ ሁሉ ያየዋልና ፊቱን አልለወጠም። ጋሻ ጃግሬው ተነሣ፣ ሽማግሌው ተቀመጠ፣ ረድፉም ቀና። ጓንጉል ወደ አልጋው ሲመለስ በልቡ «ነገ ይለቃል፤ ነገ እክሰዋለሁ» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ሹመቱን አወጁ። ሰው እንደ ጎርፍ ገባ፤ አዲስ ተሿሚው ወደ ላይ ሲወጣ የተሻረው ወደ ታች ሲወርድ፣ ጓንጉል ከረድፍ ረድፍ ሲሮጥ ዋለ። አልፎ አልፎ ወደ በሩ ይመለከት ነበር። መጀመሪያ ሲያይ አባቱ በቦታው አለ። ሁለተኛ ሲያይ አንድ የተሻረ ባላምባራስ የሚቀመጥበት አጥቶ ሲንገዋለል፣ ሽማግሌው ተነሥቶ ድምፅ ሳያሰማ በእጁ ብቻ ቦታውን አሳየው። ሦስተኛ ሲያይ ከድንኳኑ ውጭ፣ ከገመዱ አጠገብ ነጭ ጋቢው ይታይ ነበር። ጓንጉል ይህን እያየ፣ ብርንዶው ይነሣ፣ ንጉሡም ይነሡ፣ ያኔ እሄዳለሁ አለ።

ንጉሡ ተነሡ። መጋረጃው ወረደ። ጓንጉል ወደ በሩ ሲደርስ ግን ከገመዱ አጠገብ ማንም አልነበረም።

«ለሁሉም ሲለቁ ሲለቁ ውጭ ደረሱ» አለው በረኛው። «ከዚያ በቅሏቸውን አስጫኑና ወጡ።»

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ልጥራልዎ ብያቸው ነበር። ‹ተወው፣ ልጄ ሥራ ላይ ነው። እንግዳ የሚያስቀምጥ ሰው አይጠራም› አሉ።»

ጓንጉል ኮርቻ እስኪጫን አልጠበቀም፤ ያገኘውን ፈረስ ይዞ አቀበቱን ተያያዘው። ዘንጉ ከእጁ አልወጣም ነበር፤ መያዙንም አላወቀም። ጀምበር ገና ሳትጠልቅ መተላለፊያዋ አናት ላይ ደረሰ። የአባቱ በቅሎ ከመንገዱ ዳር ሣር ትግጣለች። አባቱም በዚያ ረጅም ድንጋይ ላይ፣ ጫፉ ላይ፣ ቀሪውን ሰፊ ቦታ ለሚመጣ ሰው ለቅቆ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀምጧል።

«አባዬ!» አለ ጓንጉል ከፈረሱ እየወረደ።

ሽማግሌው አልተነሣም።

ጓንጉል ቆመ። አባቱ ሰው መጥቶበት ሳይነሣ ሲቀር፣ ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር።

ዘንጉን መሬት ላይ ጣለ። ተንበርክኮም የአባቱን ጉልበት ሳመ፤ ከጭኑ ላይ እጁን አነሣና በራሱ ላይ አደረገው። እጁ ገና ሙቀት ነበረው የሚሉ አሉ፤ እነዚህ ለጓንጉል የሚያዝኑለት ናቸው። ሌሎች ደግሞ ቀዝቅዞ ነበር፣ ከራሱም ላይ ሦስት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ሦስት ጊዜም መልሶ አነሣው ይላሉ። የትኛውም ቢሆን፣ ከዚያ እጅ ቃል አልወጣም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

አባቱን በበቅሎው ጭኖ ወደ አገሩ ወሰደና ቀበረ። ከዚያም ወደ ንጉሡ ተመልሶ ዘንጉን በእግራቸው ሥር አኖረ። ንጉሡ ነገሩን ሰምተው ነበርና አዘኑለት፤ በአጋፋሪነቱ እንዲቆይም ለመኑት።

«ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ አላጠፋህብኝም» አሉት።

«አንድ አጥፍቻለሁ፣ ጃንሆይ» አለ ጓንጉል።

ወደ አገሩም ተመልሶ በመተላለፊያዋ አጠገብ ቤት ሠርቶ መንገደኛ እየተቀበለ ተቀመጠ፤ ለመጣው ሁሉ እየተነሣ «ኖር!» ስለሚል ቦታይቱ በዚያው ኖር በር ተብላ ቀረች። በአባቱ ተዝካር ቀን የአገሩ ሰው አንተ ታውቅበታለህና አስቀምጠን አለው። እርሱም ተነሣ፤ ነገር ግን ወደ ዳሱ ራስ አልሄደም። በበሩ ዳር ወደተቀመጡት፣ ማንም ወደማያውቃቸው አንዲት መንገደኛ ባልቴት ሄዶ በትሩን መሬት ላይ አስቀመጠና ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። ባልቴቷ ግራ ገብቷቸው «ምን ብዬ ልመርቅህ ልጄ?» አሉት።

«ያልደረሰህ ይድረስህ ይበሉኝ» አላቸው።

እሳቸውም እጃቸውን በራሱ ላይ ጭነው «ያልደረሰህ ይድረስህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል በየድግሱ በር ዳር እየተንበረከከ ይህንኑ ቃል ሲቀበል ኖረ። እርሱ ካለፈም በኋላ ልማዱ ለአጋፋሪ ሁሉ ተረፈ፤ እስከ ዛሬም የሚባለው ቃል ይኸው ነው። ጓንጉል ግን እስኪሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ «ደረሰኝ» ሲል የሰማው ሰው የለም።

አምና በኖር በር ጤና ጣቢያ ተሠርቶ ሲመረቅ ከዋና ከተማ አንድ ሚኒስትር ከነተከታዮቻቸው መጡ። ከሳቸው ቀድሞ አንድ ልብሱ የጸዳ የፕሮቶኮል ኃላፊ ደርሶ ወረቀቱን እያየ ወንበሮቹን ደረደረ። ነጭ ጨርቅ የለበሱት ወንበሮች ለፊተኛው ረድፍ ሆኑ፤ የታሸገ ውኃ እስከ ሁለተኛው ረድፍ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው ጥሙን በትዕግሥት እንዲችል ተተወ። የሚኒስትሩ ቀኝ ለማን፣ ግራቸው ለማን እንደሆነ ሲያወጣና ሲያወርድ ላቡ ይንጠፈጠፍ ነበር፤ ምስኪን፣ እርሱም እንጀራው ነው። በዳሱ በር ዳር እትዬ ጥሩዓለም የሚባሉ አሮጊት ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌዎቹ ቀረብ አሉና፣ «ልጃችን፣ እዚህ አገር አንድ ልማድ አለን። ወረቀቱን መሬት አስቀምጥና የእትዬን ጉልበት ሳም፤ ይመርቁሃል» አሉት።

ሰውዬው በትሕትና ፈገግ አለ። የመኪኖቹ አቧራ ከታች ይታይ ነበር።

«ክቡር ሚኒስትሩ ይግቡና» አለ። «ፕሮግራሙ እንዳለቀ እመጣለሁ፣ እማማ።»

እትዬ ጥሩዓለም ቀና ብለው አዩት።

«እሺ ጌታዬ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። በዚያን ቀን እንጀራው ሳይመረቅ ተቆረሰ። ንግግሩ ተደርጎ ጥብጣቡ ተቆርጦ ካበቃ በኋላ ሰውዬው እውነትም ቃሉን አክብሮ መጣ፤ የእትዬ ወንበር ግን ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይህንኑ የጓንጉልን ነገር፣ እዚሁ እንደተጻፈው፣ ቆመው ነገሩት። ሰውዬውም አመስግኖ ሄደ።

ሾፌሩ ኋላ እንደተናገረው፣ መተላለፊያዋ ላይ ሲደርሱ ኃላፊው መኪናውን አስቆመና ወርዶ በድንጋዩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አውጥቶ አባቱ ጋ ደወለ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ አልተነሣም። እንደገና ደወለ።